ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር፦ ከዋጋው ይልቅ መብቱ

በአዲስ አበባ ቧንቧ ከፍቶ እጁን የሚታጠብ ሰው ለገዳዲን አያስታውስም። ውኃው ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደተጣራ፣ ምን ያህል መንገድ ተጉዞ እንደደረሰ ሳይጠይቅ ይጠቀምበታል፤ ጥያቄው የሚነሣው ውኃው የጠፋ ዕለት ነው። የለገዳዲ ነዋሪ በመሆኔ ይህን ነገር ዘወትር አሰላስላለሁ። ጠዋት ወደ አዲስ አበባ በሚያመራው ታክሲ ውስጥ ደግሞ ሌላ ተመሳሳይ ነገር እታዘባለሁ። ተሳፋሪው አንገቱን ደፍቶ የእጅ ስልኩን ይመለከታል። አንዱ ዜና ያነባል፣ ሌላው ሙዚቃ ያዳምጣል፣ ተማሪዋ ፎቶ ያነሣችውን የጓደኛዋን ደብተር ታጠናለች። በየእጃቸው ያለውን መሣሪያ የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር ከየት እንደመነጨ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ከእነዚያ ስልኮች አብዛኞቹ በአንድሮይድ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ የአንድሮይድ እምብርት ሊኑክስ ይባላል። ሊኑክስ ደግሞ ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው የሚችል፣ ክፍት ምንጭ የሆነ ሶፍትዌር ነው። ይህ አሠራር ምን ማለት ነው? እንዴትስ ተጀመረ? ለእኛ አገር ተማሪስ ምን ይጠቅማል? እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ እንመልከት።

በርበሬውና ወፍጮው

የኮምፒዩተር አንጎል በቀጥታ የሚረዳው የዜሮና የአንድ ድርድርን ብቻ ነው። በዚህ ቋንቋ ረጅም ፕሮግራም መጻፍ ለሰው ልጅ እጅግ አድካሚ ስለሆነ፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሰው ሊያነበው በሚችል እንደ ሲ ባለ ቋንቋ ይጽፋሉ። ይህ ጽሑፍ ምንጭ ኮድ ይባላል። ከዚያም ኮምፓይለር የተባለ ሌላ ፕሮግራም ምንጭ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጠዋል።

ነገሩን በበርበሬ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አንዲት ባለሙያ እናት በርበሬ ስታዘጋጅ ዛላውን ቀጥፋ፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውን፣ ኮረሪማውንና ነጭ አዝሙዱን በየልኩ ቀላቅላና አድርቃ ወፍጮ ቤት ትልካለች። ከወፍጮ የወጣውን በርበሬ የቀመሰ ሰው ጣዕሙን ያደንቅ ይሆናል፤ ኮረሪማው ስንት፣ በሶብላው ስንት እንደነበረ ግን ከዱቄቱ ለይቶ ሊያወጣ አይችልም። የቅመሙ ልክ ምንጭ ኮዱ፣ ወፍጮው ኮምፓይለሩ፣ ዱቄቱም ገዝተን ወይም ቀድተን የምንጠቀምበት ፕሮግራም ነው።

ዝግ ሶፍትዌር የሚያዘጋጅ ድርጅት ዱቄቱን ብቻ ይሸጥልናል። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚያዘጋጅ ግን ከዱቄቱ ጋር የቅመሙን ልክ ጨምሮ ይሰጣል። በዚህም ተጠቃሚው አራት መብቶችን ያገኛል፦ ፕሮግራሙን ለፈለገው ተግባር የማዋል፣ አሠራሩን የመመርመርና የመለወጥ፣ ለሌላ ሰው የማካፈል፣ እንዲሁም ያሻሻለውን ቅጂ የማሠራጨት መብት።

አንድ ማተሚያ ያስነሣው ጥያቄ

የዚህ እንቅስቃሴ መነሻ ተደርጎ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ታሪክ ከአንድ የቢሮ ዕቃ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስታልማን፣ ቤተ ሙከራው በስጦታ ያገኘው ማተሚያ ወረቀት እየተቀረቀረበት ይቸገር ነበር። ማተሚያው ከሠራተኞቹ ርቆ ስለተቀመጠ፣ ሥራውን የላከ ሰው ሄዶ እስኪያይ ድረስ መቆሙን አያውቅም። ስታልማን ለቀድሞው ማተሚያ መፍትሔ አበጅቶ ነበር፤ ማተሚያው ሲቆም በኮምፒዩተር በኩል መልእክት እንዲልክ ፕሮግራሙን ለወጠው። ለአዲሱም ይህንኑ ሊያደርግ ሲነሣ ምንጭ ኮዱ አልተሰጠም። ኮዱ ወደነበረው አንድ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሄዶ ቢጠይቅም፣ ተመራማሪው ለማንም ላለማሳየት ውል ፈርሞ ስለነበር አልሰጠውም።

ስታልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት ይፋ አደረገ። ዓላማው ማንም ሊመረምረውና ሊለውጠው የሚችል የተሟላ የኮምፒዩተር ሥርዓት መገንባት ነበር። በ1989 ደግሞ ጂፒኤል የተባለው የፈቃድ ውል ወጣ። ይህ ውል አንድ ብልሃት አለው፦ ክፍት የሆነውን ኮድ ወስዶ አሻሽሎ የሚያሠራጭ ሰው ማሻሻያውንም ክፍት የማድረግ ግዴታ አለበት። የተከፈተው ተመልሶ እንዳይዘጋ የሚጠብቀው ይህ ግዴታ ነው።

ለሥርዓቱ የጎደለውን እምብርት ያመጣው የፊንላንድ ተማሪ ነው። በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው የ21 ዓመቱ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1991 ለመዝናኛ ያህል የሚሠራውን ሥራ ለሌሎች አስታወቀ። እርሱ ራሱ ትልቅ ነገር ይሆናል ብሎ አላሰበም። ዛሬ ሊኑክስ ከ30 ሚሊዮን በላይ የኮድ መስመሮች አሉት፤ ከ2017 ኅዳር ወዲህም በዓለም ፈጣን የተባሉት 500 ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚሠሩት በእርሱ ነው።

በኪሳችንና በመደርደሪያችን

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የትልልቅ ማሽኖች ብቻ አይደለም። ቴክኖም ሆነ ሳምሰንግ፣ አይቴልም ሆነ ኢንፊኒክስ፣ በአንድሮይድ የሚሠራ ስልክ ሁሉ ሊኑክስን ይዟል። በየቤቱ ፊልም ለማየት የምንጠቀምበት ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1996 በፈረንሳይ አገር የአንድ ከፍተኛ ምህንድስና ትምህርት ቤት ተማሪዎች የጀመሩት ሥራ ነው፤ በ2001 በጂፒኤል ፈቃድ ለሁሉም ተሰጠ።

ኢንተርኔት የሚያሠራጨውን ትንሽ ሳጥን፣ ማለትም ራውተሩን እንውሰድ። ሊንክሲስ የተባለው ድርጅት ደብሊውአርቲ 54ጂ የሚባለውን ራውተሩን ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ ባለሙያዎች በውስጡ ሊኑክስ መኖሩን ደረሱበትና በጂፒኤል ውል መሠረት ኮዱ እንዲወጣ ጠየቁ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ኮዱን ለቀቀ። በተከታዩ ዓመት በጎ ፈቃደኞች በዚያ ኮድ ላይ ተመሥርተው ኦፕን ደብሊውአርቲ የተባለውን ሥርዓት ማዘጋጀት ጀመሩ። በዚህም ሳቢያ አምራቾቻቸው ማሻሻያ መላክ ያቆሙባቸው በርካታ ራውተሮች ዕድሜ ሊራዘም ቻለ።

በአገራችን ተቋማትም ምሳሌ አለ። የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን መረጃ ለማሰባሰብ ሥራ ላይ ያዋለው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት፣ በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚዘጋጅ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው።

«ዊንዶውሱን በነጻ ነው ያስጫንኩት»

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። የጎረቤቴ ልጅ የመሰናዶ ተማሪ ሳለ እጅግ የዘገየ አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ሊኑክስ እንጫንበት ስለው፣ «ጋሼ፣ ዊንዶውሱን እኮ በነጻ ነው ያስጫንኩት፤ ነጻ ሶፍትዌር ምን ይጨምርልኛል?» አለኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሲወደስ አንዱ ምክንያት ገንዘብ ማስቀረቱ ነው። በእኛ አገር ግን ብዙ ተማሪ ያለ ፈቃድ የተቀዳ ሶፍትዌር በፍላሽ ስለሚያገኝ ዋጋ መከራከሪያ ሊሆን አይችልም።

መልሱ ያለው በራሱ በአማርኛችን ውስጥ ነው። «በነጻ ማግኘት» እና «ነጻ መሆን» አንድ አይደሉም። በነጻ ያገኘነው የተሰበረ ቅጂ ዱቄት እንጂ የቅመሙ ልክ አይደለም፤ ሰብሮ ያቀረበው ሰው ምን እንደጨመረበትም አናውቅም። በጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፕ ውስጥ ከተሰበረው ፕሮግራም ጋር የመጡ ቫይረሶች ነበሩ። በምትኩ ለአሮጌ ማሽን የሚስማማ ሊኑክስና ሊብሬኦፊስ የተባለውን የጽሕፈት ፕሮግራም ጫንን፤ ማሽኑም አንሠራራ።

ሙሉውን እውነት ለመናገር ግን ችግሩ በዚህ አላበቃም። ልጁ የቤት ሥራውን በፍላሽ ይዞ ወደ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ሲሄድ፣ እዚያ ያለው ኮምፒዩተር ገጹን አዛብቶ ከፈተው። የእኔ ማተሚያም ለሊኑክስ የተዘጋጀ አሽከርካሪ ፕሮግራም ስላልነበረው አልታዘዘም። መፍትሔው ሥራውን ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ መውሰድ ሆነ። ክፍት ምንጭ የሚመርጥ ሰው እንዲህ ያለውን ድካም አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ፊደላችንና ገበያው

ትልቁ ጥቅም የሚታየው ገበያ በማይደርስበት ቦታ ነው። በ1990ዎቹ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የአማርኛ መጻፊያዎች ለየፊደላቱ የሚሰጡት የኮድ ቁጥር የተለያየ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል ዓለም አቀፍ ቁጥሮችን መደበ። ዩኒኮድ ሶፍትዌር ሳይሆን ለሁሉም የተከፈተ የጋራ መስፈርት ነው። ዊንዶውስ ኒያላ ከተባለው የፊደል ቅርጽ ጋር አማርኛን አካቶ የመጣው በ2007 በቪስታ ነበር። እስከዚያው ድረስ ክፍተቱን ለመሙላት ከረዱት መካከል በነጻ የተሠራጩት እንደ ጂኤፍ ዘመንና ኢትዮጵያ ጅረት ያሉ የፊደል ቅርጾች ይገኙበታል። ዛሬም የታተመን ገጽ አንብቦ ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ቴሰራክት የተባለው ክፍት ምንጭ ፕሮግራም አማርኛን ያነባል።

ፍለጋንም እናስብ። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ሲጽፍ ሌላው «ጸሀይ» ይላል። ለኮምፒዩተር እነዚህ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን የፈለገ ሌላውን አያገኝም። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ ከማነጻጸር በፊት ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መመለስ ነው። ፕሮግራሙ ክፍት ከሆነ አንድ ትጉህ ተማሪ ይህን ደንብ ሊጨምርበት ይችላል። ዝግ ከሆነ ግን ባለቤቱ እስኪያስብልን መጠበቅ ብቻ ነው።

ከሰበታ የሚነሣ ጥያቄ

ከለገዳዲ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለችው ሰበታ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ ትታወቃለች። ማየት የተሳነው ተማሪ ኮምፒዩተር የሚጠቀመው በማያው ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብለት ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያሉ ታዋቂ ፕሮግራሞች በብዙ መቶ ዶላር ይሸጡ በነበረበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ራሱ ዓይነ ስውር የሆነው አውስትራሊያዊው ማይክል ከራን ኤንቪዲኤ የተባለውን ክፍት ምንጭ አንባቢ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ፣ እርሱም ማየት የተሳነው ጄምስ ቴ ተቀላቀለው።

ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው የድምፅ ክፍል ኢስፒክ ኤንጂ ይባላል፤ ከሚናገራቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። ድምፁ ገና የማሽን ድምፅ ነው፤ ጉድለትም አለበት። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ ደግሞ «ይገኛል» ማለት ነው፤ «ገና»ም ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ፊደላችን ይህን ልዩነት ስለማያሳይ ማሽኑ ከዐውዱ መለየት አለበት። ይሁን እንጂ የአማርኛው የአነባበብ ደንብ ማንም ሊከፍተው በሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ የተቀመጠ ነው። ለማሻሻል ከፕሮግራም ዕውቀት ይልቅ የቋንቋ ዕውቀት ይጠይቃል። ተጠቃሚው ዓይነ ስውር ተማሪ ራሱ ስሕተቱን ነቅሶ፣ ደንቡን አርሞ ለአዘጋጆቹ ሊልክ ይችላል።

ክፍት መሆን ብቻውን አይበቃም

ክፍት ምንጭ እንከን የለሽ ነው ማለት ግን አይደለም። ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለው፣ በኢንተርኔት የሚተላለፍን ምስጢር የሚጠብቀው ክፍት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2014 ከባድ ቀዳዳ ተገኘበት። ቀዳዳው ሁለት ዓመት ያህል ማንም ሊያየው በሚችል ቦታ ተቀምጦ ነበር፤ ያን ግዙፍ ኃላፊነት የተሸከሙት ግን እጅግ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። የእጅ ስልካችንም ቢሆን እምብርቱ ሊኑክስ ይሁን እንጂ፣ በላዩ ላይ ብዙ ዝግ ፕሮግራሞች ስለተደረቡበት ባለቤቱ እንዳሻው ሊለውጠው አይችልም። የተከፈተ በር የሚገባበት ሰው ይፈልጋል።

የሚገባበት ሰው ከየት ይምጣ? ከተማሪው እንደሆነ አምናለሁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአማርኛን ጽሑፍና ንግግር በኮምፒዩተር በማቀናበር ረገድ በርካታ የመመረቂያ ጥናቶች ተሠርተዋል። ጥናቱ በመደርደሪያ ላይ ቢቀመጥም፣ ኮዱ ከጸሐፊው ላፕቶፕ ጋር ከጠፋ ተከታዩ ተማሪ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ በዚህ ዓመት ፕሮጀክት የምትሠራ ተማሪ ከሆንሽ፣ የምትሠራም ከሆንህ፣ ከጥናቱ ጋር ኮዱንና የሰበሰባችሁትን መረጃ በክፍት ፈቃድ አውጡ። ፕሮግራም የማይጽፍም ትርጉም በማረም፣ የፊደል ቅርጽ በመፈተሽ፣ ስሕተት በመጠቆም ሊረዳ ይችላል። ከራን የጀመረው እርሱ ራሱ የሚያስፈልገውን ነገር በማበጀት ነበር፤ የአማርኛው ድምፅም «ገና»ን ከ«ገና» ለይቶ የሚያነበው፣ ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው ፋይሉን ሲከፍተው ነው።