ከዳንግላ እስከ እንጅባራ በኤሌክትሪክ ሳይክል፦ በመጀመሪያ የሚቀየረው ሞተሩ አይደለም

በአዊ ምድር ስለ ጉልበት ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ፈረስ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር የተገኘ ሰው ይህን አይስተውም። መሐንዲሶችም የሞተርን አቅም በፈረስ ጉልበት ይለካሉ፤ አንዱ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ያህል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለኤሌክትሪክ ብስክሌት የፈቀደው ሞተር 250 ዋት ነውና ከአንድ ፈረስ ሲሶው መሆኑ ነው። ሲሶ ፈረስ የተገጠመለት የተራራ ሳይክል ዳገት ላይ ሲለግም ባለቤቱ ወዲያው የሚመኘው ትልቅ ሞተር ነው። ከመመኘቱ በፊት ግን ቢያሰላ ይሻላል።

ዳንግላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,137 ሜትር፣ እንጅባራ ደግሞ 2,560 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው አዲስ ቅዳምን አልፎ የሚሄደው አስፋልት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ 25 ኪሎ ሳይክልና 20 ኪሎ ዕቃ በድምሩ 110 ኪሎ ይሆናሉ። ይህን ክብደት 420 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት 126 ዋት ሰዓት ጉልበት ይበቃል። ትልቁ ወጪ ዳገቱ ነው ብሎ ያሰበ ሰው ቀጥሎ ባለው ቁጥር ይገረማል፦ ጥርሳም የተራራ ጎማ አስፋልት ላይ እየታሸ የሚበላው ጉልበት ወደ 120 ዋት ሰዓት ይጠጋል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው አየሩን መሰንጠቅ ሌላ 95 ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ድምሩ 340 ገደማ ነው። ሞተሩና ኤሌክትሪኩን እየመጠነ የሚሰጠው ኮንትሮለር ከባትሪ ከሚቀበሉት ሩቡን ያህል ወደ ሙቀት ስለሚለውጡት ከባትሪው የሚወጣው 455 ዋት ሰዓት ይደርሳል። በመንገዱ ላይ ያለው መውጣትና መውረድ ደግሞ በዚህ ላይ ይጨምርበታል።

ብዙ ርካሽ የኤሌክትሪክ ሳይክሎች የሚመጡት 36 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይዘው ነው። ሁለቱ ሲባዙ 360 ዋት ሰዓት ነው፤ ፔዳል ሳይመቱ እንጅባራ አያደርስም። ነጂው በ75 ዋት ጉልበት፣ ማለትም ጤነኛ ሰው ሳያለከልክ ሊዘልቀው በሚችለው ልክ፣ ለሁለት ሰዓት ፔዳል ቢመታ ግን ከባትሪው የሚፈለገው ወደ 255 ይወርዳል። ያው ባትሪ አድርሶ ይተርፈዋል። ጥርሳሙን ጎማ ለስለስ ባለና በደንብ በተነፋ ጎማ መቀየር ደግሞ ከባትሪው 60 ዋት ሰዓት ያህል ያድናል። ይህ ከ360ው ስድስተኛ እጅ ነው፤ በጎማ ዋጋ የባትሪ ማሳደጊያ ማለት ነው። መንገድዎ የገጠር ጭቃ ከሆነ ጥርሱ ይቆይ፤ አስፋልት ከሆነ ግን ባትሪ ወይም ሞተር ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያድርጉ።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። በጎማ ማዕከል የሚቀመጥ ሞተር አዲስ ነገር አይደለም፤ አሜሪካዊው ኦግደን ቦልተን በ1895 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት ብስክሌት ሞተሩ የኋላ ጎማው ውስጥ ነበር። የዛሬዎቹም ሥርዓት ቀላል ነው፦ ቮልት ፍጥነትን ይወስናል፣ አምፔር የማዞር ጉልበትን ይወስናል። ስለዚህ ዳገት ላይ ጉልበት የፈለገ ሰው ባለ 15 አምፔር ኮንትሮለሩን አውጥቶ ባለ 22 ይገጥማል። ጉልበቱ በግማሽ ገደማ ይጨምራል። ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን የሚያድገው በአምፔሩ ካሬ ነው፤ ከእጥፍ ያልፋል። ሞተሩ ቀስ ብሎ በሚዞርበት ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ደግሞ አብዛኛው ኤሌክትሪክ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በብዙ የጎማ ሞተሮች ውስጥ ያሉት የናይሎን ጥርሶች ይለሰልሳሉ፣ ይበላሉ። ሰው ሞተሩ ደካማ ነው የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን አይቶ ነው።

ሌላው አማራጭ በፔዳሉ መሃል ዘንግ ላይ የሚገጠም ሞተር ነው። ጉልበቱን በሰንሰለቱ በኩል ስለሚያስተላልፍ የሳይክሉን ማርሽ ይጠቀማል፤ ነጂው ማርሹን ሲያቀል ሞተሩ በሚስማማው ፍጥነት መዞሩን ይቀጥላል። እንደ እንጅባራ ዙሪያ ላለ ገደላማ አገር እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ዋጋ ያስከፍላል፦ የሞተሩ ጉልበት ሁሉ በሰንሰለቱና በኋላ ጥርሶች ላይ ያርፋል፤ በክረምት ጭቃ ሲታከልበት ቶሎ ይበላሉ። ርዝመቱ በመቶ ግማሽ ያህል የተሳበ ሰንሰለት ወዲያው ካልተቀየረ ጥርሶቹንም ይዞ ይሄዳል።

የደጋው ከፍታ ለኤሌክትሪክ ሞተር ያደላል። የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከአቅሙ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ እንጅባራ ላይ ሩቡ የለም ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ምንም አይጎድልበትም። እንዲያውም አየሩ ስለሳሳ ነፋስ የመሰንጠቁ ድካም ይቀንሳል። የሳሳ አየር ግን ሞተሩን እንደ ቆላው አየር አያቀዘቅዝም፤ ኮንትሮለር የሚያሳድግ ሰው ይህን አይርሳ።

ባትሪ ላይ ሲደርሱ እጅ ከመስደድ በፊት ማሰብ ይገባል። ሶኒ በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው፣ ለመሠረቱት ሦስት ሳይንቲስቶች የ2019 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤልን ያስገኘው የሊቲየም አዮን ባትሪ በትንሽ ቦታ ብዙ ጉልበት ያጭቃል። 36 ቮልቱ የሚገኘው 10 ሴሎች ተከታትለው ሲቀጠሉ ነው፤ ሲሞላ 42 ቮልት ይደርሳል። 48 ቮልት የሚባለው 13 ሴሎች ሲሆን ሲሞላ 54.6 ቮልት ነው። የሁለተኛውን ቻርጀር ለመጀመሪያው መሰካት እሳት መጥራት ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ሴሎችን ከአዲስ ጋር ቀላቅሎ መበየድም እንዲሁ፤ ደካማው ሴል ቀድሞ ያልቃል፣ ቀድሞም ይሞላል፣ ሌሎቹ እየገፉት ይግላል። እያንዳንዱን ሴል የሚጠብቀው የባትሪ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ የሌለበትን ባትሪ በማንኛውም ዋጋ አይግዙ። በተኙበት ክፍልም ቻርጅ አያድርጉ።

አሁን ቁልቁለቱን ያስቡ። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ የሚወርድ መንገደኛ 1,600 ሜትር ገደማ ወዳለው ዝቅተኛ ቦታ ሲደርስ ወደ 960 ሜትር ይወርዳል። ያው 110 ኪሎ በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ጉልበት ሦስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን አየርና ጎማ ይወስዱታል፤ የቀረው ፍሬን ላይ ያርፋል። ጥርስ የሌላቸው ከባድ የጎማ ሞተሮች ጥቂቱን ወደ ባትሪ ሊመልሱት ይችላሉ፤ የናይሎን ጥርስ ያላቸው ግን ወደ ፊት በነፃ ስለሚዞሩ ምንም አይመልሱም። ስለዚህ 160 ሚሊ ሜትር የሆነውን የፍሬን ዲስክ ወደ 203 ማሳደግ በዚያው የእጅ ጉልበት ሩብ ያህል ተጨማሪ የመያዝ አቅም ይሰጣል፤ ሙቀቱንም በሰፊ ብረት ላይ ይበትነዋል። ሹካው ያንን መጠን የሚቀበል መሆኑን ግን ቀድመው ያረጋግጡ። ጭቃና ዝናብ ለበዛበት አገር የብረት ድብልቅ ያለው የፍሬን ሸራ ከተራው ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው።

ዝናቡ የሚያበላሸው ሞተሩን ከማቃጠል ይልቅ በማገናኛዎቹ ገብቶ ነው። ሽቦው ከመግቢያው በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ እንዲመለስ ቢታሠር ውሃው ከጎንበሱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ወጪ የለውም። ሳይክሉን በኃይለኛ የውሃ ግፊት ማጠብ ግን ኩሽኔታውንም ሞተሩንም ይገድላል። የጎማ ሞተር በአልሙኒየም ሹካ ላይ የገጠመ ሰው ዘንጉ ተሽከርክሮ ሹካውን እንዳይሰብር የሚይዝ የብረት ክንድ ግራና ቀኝ ማሠር አለበት፤ ይህን የዘለለ ገጣሚ ዘንድ ሁለተኛ አይሂዱ።

ሙሉ ባትሪ ለመሙላት ከቆጣሪው የሚያልፈው ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ኤሌክትሪኩም ሩቅ አይደለም፤ የጣናን ውሃ ወደ በለስ ሸለቆ እያወረደ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችለው ጣቢያ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው አካባቢ ቆሟል። ገንዘብዎ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ፍሬኑን ይቀይሩ። ለሁለት ከበቃ ጎማውን ይጨምሩ። ባትሪው ሦስተኛ ነው፤ ሞተሩ ይጠብቅ።