ምጣዱን ወደን ሠሪዋን መናቅ

በየከተማው ቤት የሚገኘው የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ አካሉ ከቆርቆሮ ቢሠራም ሊጡ የሚፈስበት ፊቱ ሸክላ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋውን ይህን ክብ ሸክላ የሚያበጁት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ በእጃቸው። በሆዱ በኩል ጥምዝምዝ ቦይ ይወጣለትና የሚግለው ሽቦ እዚያ ይቀበራል። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል ሲለቀቅበት ችሎ እንዲቆይ የሚያደርገው የሠሪዋ ጥንቃቄ ነው።

እኔ የአዲስ አበባዋ የቀጨኔ ሰፈር ሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። የእናቴን ሙያ «ተራ ሥራ» የሚሉት ሲሠራ ያላዩት ናቸውና እንዴት እንደሚሠራ ልናገር።

አፈሩ ተቆፍሮ ከመጣ በኋላ ይሰጣል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። አንዲት ጠጠር ከቀረችበት እሳት ላይ ያሰነጥቀዋል። ቀጥሎ የተሰበረ ሸክላ፣ ማለትም ገል፣ ደቅቆ ይጨመርበታል። ገል አንዴ እሳት የቀመሰ ስለሆነ ጭቃው ሲደርቅ ከመጠን በላይ እንዳይኮማተር ይይዘዋል፤ ውስጥ የቀረው እርጥበትም በእንፋሎት የሚወጣበት ክፍተት እንዲያገኝ ያደርጋል። ለስንት አፈር ስንት ገል እንደሚበቃ እናቴ በሚዛን አትለካም። ጭቃውን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አሽታ፣ «ገና ነው» ወይም «በቃው» ትላለች። ከዚያ እስኪላላ በእግር ይረገጣል፤ ቅርጽ ይይዛል፤ ፊቱ በለስላሳ ጠጠር ይታሻል። የሚደርቀው ጥላ ውስጥ ነው። ፀሐይ ከመታው ጠርዙ ከመሀሉ ቀድሞ ይደርቅና ይተረተራል።

ሁሉም የሚለየው እሳቱ ላይ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ጭራሮና ኩበት ከሸክላው ጋር ይደረደርና ይለኮሳል። ሜዳ ላይ የሚነድ እንዲህ ያለ እሳት ከ600 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊደርስ ይችላል። እናቴ መብሰሉን የምታውቀው የፍሙንና የሸክላውን ቀለም አይታ ነው። ነፋሱ አቅጣጫ ከቀየረ ወይም ዝናብ ድንገት ከጣለ የስንት ቀን ድካም እዚያው ገል ሆኖ ይቀራል። ጭሱን የምትስበው እሷ ናት፤ ኪሳራውንም የሚካፈላት የለም።

ገበያ ላይ ገዢ ምጣዱን በጣቱ ኳ ኳ ያደርገዋል። ድምፁ ጥርት ካለ ደኅና ነው፤ ከታፈነ ስንጥቅ አለው። ይህ ተገቢ ነው፤ እናቴም ራሷ አንስታ ታሰማለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። የልጇ እኩያ የሆነች ገዢ «አንቺ፣ ቀንሺ እንጂ! አፈር አይደል እንዴ?» ስትላት አጠገቧ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ያቺው ሴት ጥቂት ራመድ ብላ የጨርቅ ነጋዴውን «ጋሼ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ» አለችው። ሁለቱም ሻጮች ናቸው፤ በዕድሜ የምትበልጠውም እናቴ ናት።

ይህ ንቀት የቆየ ሥር አለው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በብዙ ቦታ የሰው ክብር የሚለካው በርስት ነበር። ርስት የተነፈገው ሰው ብረት ቀጥቅጦ፣ ሸማ ሠርቶ ወይም ሸክላ አብጅቶ ያድር ነበር፤ ባለ ርስቱ ደግሞ ማረሻውን፣ ጋቢውንና ድስቱን ከእሱ እየወሰደ «ቡዳ» ይለው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እያለም ያማው ነበር። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች የኖሩት ይህን ስም ተሸክመው ነው። አፈርና ብረትን በእሳት የሚለውጥ ጥበብ የሚያስደንቅ መሆን ሲገባው የሚያስፈራ ሆነ።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጉዳቱን አይተው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነገሩ። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ገበሬውንና ነጋዴውን በሙያው የሚሰድብ ሰው የሚሰድበው ንጉሡን እንደሆነ አስታወቁ፤ ቅጣትም ደነገጉ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ በጉልበቱ ሊያርስ ለፈቀደ ሁሉ ያለ ልዩነት መሬት እንዲሰጥ አዘዘ። አዋጅ የአደባባዩን ስድብ ሊቀንስ፣ የመሬቱንም በር ሊከፍት ይችላል። ጓዳ ገብቶ የሰውን ልብ ማዘዝ ግን አይችልም፤ ያ የእኛ የእያንዳንዳችን ሥራ ነው።

«ሥራ ክቡር ነው» ማለት ለሁላችንም ይቀለናል። ሠሪዋን ማክበር ግን የሚታይ ነገር ይጠይቃል። ለእናትሽ የምትሰጪውን አክብሮት ለእሷም ስጪ። ዋጋ ስትከራከሪ አፈሩን ብቻ ሳይሆን ማገዶውን፣ ጭሱንና የሚሰበረውንም ቁጠሪ። ሴቶቹ በማኅበር ተደራጅተው ጭስ የሚቀንስ ማቃጠያና መሸጫ ቦታ ሲጠይቁ የሚመለከተው አካል እንደ ማንኛውም አምራች ይስማቸው፤ ምጽዋት አልለመኑም።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ግን ቤታችን ውስጥ ነው። ወንድ ልጃችሁ የሸክላ ሠሪ ልጅ ላገባ ነው ብሎ ሲመጣ አጥንት ቆጠራ ትጀምራላችሁ ወይስ ሽማግሌ ትልካላችሁ? በአደባባይ ስለ ሥራ ክቡርነት የተናገርነው ሁሉ እውነት መሆኑ የሚታወቀው ለዚህ ጥያቄ በምንሰጠው መልስ ነው። እናቴ በሙያዋ ስድስት ልጆች አሳድጋለች፤ ከማንም ቤት ደጃፍ ዝቅ ብላ የምትቆምበት ምክንያት የለም።