ዌስሊ ክራሸር ምን አጠፋ? ከስታር ትሬክ ቀሽም ክፍሎች ጀርባ ያለው ነገር

የስታር ትሬክ ፋን አግኝታችሁ «ምርጡ ክፍል የቱ ነው?» ብትሉት ትንሽ ያስባል። «ቀሽሙስ?» ብትሉት ግን ጥያቄያችሁን ሳትጨርሱ መዘርዘር ይጀምራል። እንደ አርሴናል ደጋፊ በሉት፣ ከማንም በላይ የሚሰድበው የሚወደውን ነው።

ዛሬ የምናወራው ስለ «ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» ነው። እ.ኤ.አ ከ1987 እስከ 1994 በ7 ሲዝን 178 ክፍል ወጥቶለታል። ካፒቴን ፒካርድ፣ ዳታ የሚባለው ሮቦት፣ ወርፍ፣ እነሱ ያሉበት። እስከዛሬ ከተሠሩ የሳይንስ ልብወለድ ድራማዎች ከምርጦቹ የሚመደብ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሲዝኖች የጀመረ ሰው ግን «ይሄ ነው እንዴ እንደዚህ የሚወራለት?» ቢል አይፈረድበትም።

በመጀመሪያ ዌስሊን እናንሳ። ዌስሊ ክራሸር የመርከቧ ሐኪም ልጅ ነው፣ ከእናቱ ጋር መርከቧ ላይ ይኖራል። የድራማው ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ ሙሉ ስሙ ዩጂን ዌስሊ ሮደንቤሪ ነበር፣ ልጁን በራሱ ስም ነው የሰየመው። ከዚህ ተነስታችሁ ምን ያህል እንደተሞላቀቀ ገምቱ። ዌስሊ ጂኒየስ ነው። መርከቧ ላይ ከሺህ በላይ ሰው አለ፣ መሐንዲሱ፣ ሳይንቲስቱ፣ መኮንኑ ሁሉ ሰልጥኖ የመጣ ነው። አደጋ ሲመጣ ግን ሁሉም ግራ ይገባቸውና መፍትሔው ከዚህ ልጅ ይመጣል። ገና ድራማው በተጀመረ ሰሞን ጭራሽ የመኮንን ማዕረግ ተሰጥቶት መሪው ላይ ቁጭ ይላል።

ችግሩ ልጅ መሆኑ ወይም ጎበዝ መሆኑ አልነበረም፣ ጎበዝ ልጅ ማን ይጠላል? ችግሩ ደራሲዎቹ ልጁን ብልህ ለማድረግ ትልልቆቹን ማደንዘዛቸው ነው። ደሞ ዌስሊ ለምንም ነገር ዋጋ አይከፍልም። ተሳስቶ የሚያጣው ነገር የለም፣ ስለዚህ ተመልካቹም አብሮት የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። አንድ ክፍል ላይ (ዳታሎር ይባላል) ልጁ ትክክለኛ ነገር እየተናገረ ካፒቴኑም የገዛ እናቱም «ዝም በል» ይሉታል። ያቺ ንግግር እስካሁን ድረስ የፋኖች መቀለጃ ናት።

ነገሩ ቀልድ ብቻ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር። ዌስሊን የተጫወተው ዊል ዊተን ድራማው ሲጀመር ገና የ15 ዓመት ልጅ ነው። ስክሪፕቱን የጻፉት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ስድቡን የተቀበለው ግን እሱ። በፋኖች ስብሰባ ላይ፣ በኋላም ገና ጀማሪ በነበረው ኢንተርኔት ላይ፣ ገፀ ባህሪው እንዲሞት የሚመኝ ቡድን ሳይቀር ተቋቁሞ ነበር። ዊተን ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ያ ጊዜ ምን ያህል እንደጎዳው በተደጋጋሚ ጽፏል። በ1990፣ አራተኛው ሲዝን ላይ፣ ከዋናው ቡድን ወጣ።

አሁን ወደ 1992 እንምጣ። «ዘ ፈርስት ዱቲ» የሚባለው ክፍል ላይ ዌስሊ አካዳሚ ገብቶ ተማሪ ሆኗል። የበረራ ቡድኑ የተከለከለ ትርዒት ሲሞክር አንድ ጓደኛቸው ይሞታል። የቡድኑ መሪ «ዝም እንበል፣ በሟቹ እናሳብብ» ይላል፣ ዌስሊም ይዋሻል። ፒካርድ ደርሶበት ቢሮው አስጠርቶ ያፋጥጠዋል፣ «ወይ አንተ ትናገራለህ፣ ወይ እኔ እናገራለሁ» ዓይነት ነገር። ትዕይንቱ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው፣ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል። ተዋናዩ ያው ዊተን ነው፣ ገፀ ባህሪውም ያው ዌስሊ። የተለወጠው፣ አሁን የሚያጣው ነገር አለው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሮናልድ ሙር ነው፣ በኋላ አዲሱን «ባትልስታር ጋላክቲካ» ያመጣው። ስለዚህ «ዌስሊ ቀሽም ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይቺን ክፍል ላኩለት፣ ጥፋቱ የስክሪፕቱ እንደነበር ራሱ ያየዋል።

ከቀሽም ገፀ ባህሪ ወደ ቀሽም ክፍል ስንሄድ ሻምፒዮኑ «ሼድስ ኦፍ ግሬይ» ነው፣ የሁለተኛው ሲዝን መዝጊያ፣ ሐምሌ 1989። ራይከር አንድ ፕላኔት ላይ ተክል ይወጋውና ራሱን ስቶ ይተኛል። ሐኪሟ አእምሮውን እየቀሰቀሰች ትዝታውን ታስነሳለች። ትዝታው ምን መሰላችሁ? ድሮ ያየናቸው ክፍሎች! በቃ ቁርጥራጭ ለጥፈው የሲዝን ማጠቃለያ ብለው አወጡት።

ይሄ የሆነው ግን ዝም ብሎ በስንፍና አይደለም። በ1988 የአሜሪካ የስክሪፕት ጸሐፊዎች ከመጋቢት እስከ ነሐሴ፣ አምስት ወር ሥራ አቁመው ነበር። ሲዝኑ ዘግይቶ ኅዳር ላይ ጀመረ፣ ከተለመደው 26 ክፍል ወደ 22 ወረደ። የመክፈቻው ስክሪፕት እንኳን በ1970ዎቹ ሳይሠራ ከቀረ ሌላ የስታር ትሬክ ፕሮጀክት ከመሳቢያ የወጣ ነው። መሐል ላይ ውድ ክፍሎች ተሠሩና መጨረሻው ላይ ኪሱ ባዶ ሆነ። አሮጌ ቪዲዮ መለጠፍ ደሞ ከሁሉም ይረክሳል።

እሺ፣ ገንዘብ አልነበረም እንበል። ግን በዚያው ሲዝን፣ ከአምስት ወር በፊት «ዘ ሜዠር ኦፍ ኤ ማን» ወጥቷል። ፍንዳታ የለም፣ ጦርነት የለም፣ አብዛኛው አንድ ክፍል ውስጥ የሚካሄድ ክርክር ነው። ጥያቄው ዳታ ሰው ነው ወይስ ንብረት? ፈታተው ሊመረምሩት ይችላሉ ወይስ እምቢ የማለት መብት አለው? ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በየቀኑ በምናወራበት በአሁኑ ጊዜ ስታዩት ደሞ ይበልጥ ይገባል። እንግዲህ የበጀት ማነስ ብቻውን ሰበብ አይሆንም።

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደኝ ግን «ኮድ ኦፍ ኦነር» ነው፣ ድራማው በተጀመረ በሁለት ሳምንቱ የወጣ። መርከቧ ክትባት ፍለጋ አንድ ፕላኔት ትሄዳለች፣ የፕላኔቱ ሰዎች በሙሉ ጥቁር ተዋናዮች ናቸው። መሪያቸው የመርከቧን የጥበቃ ኃላፊ፣ ነጯን ታሻ ያርን ጠልፎ ይወስዳል። ከዚያ ከሚስቱ ጋር እስከ ሞት ትደባደባለች። የድሮ የሆሊውድ «የአፍሪካ ጎሳ» ፊልም ቀጥታ ወደ ኅዋ ተወስዷል ማለት ነው። ከተዋናዮቹ መሐል ጆናታን ፍሬክስ (ራይከር) ራሱ ክፍሉን ዘረኛ ብሎታል። የሚያናድደው፣ ይሄው ስታር ትሬክ በ1966 ኒሼል ኒኮልስን ኡሁራ አድርጎ የመርከቧ ዋና ክፍል ውስጥ ያስቀመጠ ነው። ስሟም ከስዋሂሊው «ኡሁሩ»፣ ነፃነት ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ከ21 ዓመት በኋላ ወደ ኋላ መሄድ! «ሼድስ ኦፍ ግሬይ» ቢበዛ ያስተኛችኋል፣ ይሄኛው ግን አፍሪካ ውስጥ ሆኖ ለሚያየው ያማል።

ለማረፊያ አንድ ሳቅ። በኋላ በመጣው ድራማ «ቮየጀር» ላይ «ትረሽሆልድ» የሚባል የ1996 ክፍል አለ። ቶም ፓሪስ ማንም ያልደረሰበትን ፍጥነት ይሰብርና ሰውነቱ ይለወጥ ጀመር። ካፒቴኗንም ይዟት ይጠፋል፣ ሁለቱም እንሽላሊት መሰል ነገር ሆነው ይገኛሉ፣ ጭራሽ ወልደው! ሐኪሙ ወደ ሰውነት ይመልሳቸዋል፣ ልጆቹን ረግረግ ላይ ትተው ይሄዳሉ፣ ዳግም አይነሳም። ጸሐፊው ብራነን ብራጋ ራሱ አምኗል፣ ከሥራዎቹ መጥፎው እንደሆነ። ግን ክፍሉ ለሜካፑ ኤሚ ሽልማት ወስዷል፣ በእውነት! ፓሪስን የሚጫወተው ሮበርት ደንካን ማክኒል ደሞ ማን መሰላችሁ? ቅድም ዌስሊን «እንዋሽ» ያለው የበረራ ቡድን መሪ።

አሁን የሚወጡ ሲዝኖች 8 ወይም 10 ክፍል ናቸው፣ ታሪኩም የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ከተበላሸ መዝለል አይቻልም። ያኔ በዓመት 26 ክፍል ማውጣት ነበረባቸው፣ ስለዚህ ብዙ ቆሻሻ ወጣ። ግን ቀሽሙን ዘላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ፣ ደራሲዎቹም ዌስሊን ለማስተካከል አምስተኛው ሲዝን ድረስ ጊዜ አገኙ።

አዲስ ለምትጀምሩ፦ ከአንደኛው ሲዝን ጥቂት ቀምሱ፣ ከሁለተኛው «ዘ ሜዠር ኦፍ ኤ ማን»ን እንዳታልፉ፣ ከዚያ ቀጥታ ሦስተኛው ግቡ። «ትረሽሆልድ»ን ግን ብቻችሁን አትዩት፣ ጓደኛ ጥሩ። ያያችሁ ደሞ፣ የእናንተ ቀሽም ክፍል የቱ ነው? ኮመንት ላይ አስቀምጡልን።