አኮርዲዮን፦ ከስኮትላንድ ጭፈራ እስከ ትዝታ

አኮርዲዮን እ.ኤ.አ. በ1829 ቪየና ላይ በሲሪል ዴሚያን ስም ተመዘገበ። ድምፁ ጉልህ በመሆኑ ማጉያ በሌለበት አዳራሽ ለጭፈራ ተመቸ፤ ስኮትላንድም ሲገባ ከቫዮሊን ጎን ተሰለፈ። ጂሚ ሻንድ (1908–2000) በ1955 «ብሉቤል ፖልካ» በተባለው ሥራው ዝናን አተረፈ፤ ከእሱ በኋላ እንደ ፊል ከኒንግሃም ያሉ ተጫዋቾች ተተኩ።

የኢትዮጵያን የአኮርዲዮን አጨዋወት ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1985 ዋሽንግተን ላይ የቀረጸው አልበም አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር ጋር አጣምሮ አምባሰልንና ሽለላን ይጫወታል። አልበሙ በ2013 ዳግም ታትሞ አዲስ አድማጭ አገኘ።

ስኮትላንድንና ኢትዮጵያን የሚያቀራርባቸው አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ነው። ከስኮትላንድ የመጣው የአዲስ ዓመት መዝሙር «ኦልድ ላንግ ሳይን» በአብዛኛው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ላይ ይሄዳል፤ የሙሉው ትዝታ ቅኝት ድምፆችም እነዚሁ ናቸው። የቀኝ እጁን ጥቁር ቁልፎች ብቻ የነካ ጀማሪ ትዝታን ያገኘዋል። ስድስት በስምንት የሚረገጠው «ጂግ» ደግሞ ለችክችካ ጆሮ እንግዳ አይሆንም።

ችግሩ ግራ እጅ ላይ ነው። የግራው አዝራሮች አንድ ባስና የተዘጋጀ ኮርድ ያወጣሉ፤ የስኮትላንድ ጭፈራም ባስና ኮርድ እያፈራረቀ ይመታል። በዶ የተቃኘ አንቺሆዬ ላይ ግን የዶ ሜጀር ኮርድ ሲመታ ሚና ሶል ይገባሉ፤ ሁለቱም ከቅኝቱ ውጪ ናቸው፣ ዜማውንም ያበላሹታል። ስለዚህ በአንቺሆዬ ግራ እጅ ባስ ብቻ ይዞ፣ ዜማውን ቀኝ እጅና የወናፉ አሳሳብ ሊሸከሙት ይገባል።

ይህን የቅኝትና የኮርድ ፍጥጫ በሌላ መንገድ የፈታው የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ ነው። በ1943 ጅማ ተወልዶ፣ ምሕንድስና ሊማር ወደ ዌልስ ቢላክም ሙዚቃን መረጠ፤ ኋላም አምስቱን ድምፅ ከጃዝ ኅብር ጋር አስታርቆ ኢትዮ ጃዝን ፈጠረ።

ስለዚህ እንደ ሙላቱ ሁሉ፣ በጅማው ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ምሕንድስና እየተማራችሁ ጣታችሁ የሚበላችሁ፣ አኮርዲዮን ካገኛችሁ በትዝታ ጀምሩ፤ ወደ ጂጉ ተሻገሩ፤ አንቺሆዬን ለመጨረሻ አቆዩት።