ዓሣውን ከመግዛትዎ በፊት

በመስተዋት ገንዳ የሞቃት አገር ዓሣ ለማኖር አስበው እንደሆነ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት አይርሱ። እኔ ውሃ በሞላሁ ማግስት ስምንት ጉፒዎች ጨመርሁ፤ በሳምንቱ ተማሪዎቼ ሊያዩ ሲመጡ የተረፉት ሁለት ብቻ ነበሩ። የገደላቸው ረኃብ ሳይሆን ከራሳቸው ሰውነት የሚወጣው አሞኒያ ነው።

ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጉዳቱ ወዳነሰው ናይትሬት የሚለውጡት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ የቧንቧው ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በክፍት ዕቃ ያሳድሩት፤ ማሞቂያውን በ25 ዲግሪ ያድርጉ፤ ባክቴሪያዎቹም ምግብ እንዲያገኙ በየቀኑ ጥቂት የዓሣ መኖ ጣል ያድርጉ። አሞኒያውና ናይትራይቱ ሲመረመሩ 0 ከሆኑ፥ ያን ጊዜ ሁለት ሦስት ዓሣ ያስገቡ።

ባዶ ውሃ ሲጠብቁ ጎረቤት ቢስቅብዎም፥ የዓሣን ሞት ለልጆች ከማስረዳት ይሻላል።