ላረጀ ላፕቶፕ አዲስ ጎተራ

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ዕቃ ነው። ዕቃው ላፕቶፕ ይባላል። እንደ ደብተር የሚታጠፍ፣ በእጅ የሚያዝ ኮምፒዩተር ማለት ነው።

«ላፕቶፕ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ሰው ይኖራል። በመሐል ሜዳ ይሁን በሞላሌ፣ በራቤል ይሁን በዓለም ከተማ፣ የልጆች ውጤት፣ የማኅበር ሒሳብ፣ የአባላት ስም ዝርዝር በዚህ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ልጁን ወደ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የላከ ወላጅም የላፕቶፕን ዋጋ ያውቀዋል። ዕቃው ሲያረጅ ደግሞ ይንቀራፈፋል። ጠዋት ተከፍቶ፣ ቡናው አንደኛው ተጠጥቶ ሁለተኛው እስኪቀዳ ገና አይነሣም። ያን ጊዜ «ይኼ አብቅቶለታል፤ አዲስ ግዙ» ይባላል። አዲስ ለመግዛት ስንት በግ ይሸጣል? እስቲ ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ጊዜ ያረጀው ላፕቶፑ በሙሉ አይደለም። የሚያንቀራፍፈው አንድ ክፍሉ ነው። ያ ክፍል ይለወጣል።

በላፕቶፕ ውስጥ ጽሑፉ፣ ፎቶግራፉ፣ ሒሳቡ ሁሉ የሚቀመጥበት ቦታ አለ። እንደ እህል ጎተራ ቁጠሩት። በቆዩት ላፕቶፖች ይህ ጎተራ ሃርድ ዲስክ ይባላል። ሃርድ ዲስክ የሚዞር ዕቃ ነው። በውስጡ እንደ መስተዋት የሚያበራ ክብ ሳህን አለ። ሳህኑ እንደ እንዝርት ይሾራል። በደቂቃ ስንት ጊዜ? በብዙዎቹ ላፕቶፖች 5,400 ጊዜ። በሳህኑ ላይ አንድ ክንድ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። የሸክላ ማጫወቻ ያያችሁ ሰዎች መርፌውን አስታውሱት። የሸክላው መርፌ ግን ሸክላውን ይነካል። የሃርድ ዲስኩ ክንድ አይነካም፤ ይንሳፈፋል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ታዲያ ለምን ይዘገያል? አንዲት ነገር ለማንበብ ክንዱ ወደ ቦታው መሄድ አለበት። ከሄደ በኋላም ሳህኑ ዞሮ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ይህ ሁሉ የአንድ ሴኮንድ መቶኛ ያህል ይፈጃል። «ይኼማ ምን አላት!» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ላፕቶፑ ሲነሣ የሚፈልጋቸው ቁርጥራጮች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ ሰው ከጎተራ አንድ አንድ ፍሬ ገብስ እየያዘ ቢመላለስ፣ ለአንድ እንጀራ የሚሆነውን መቼ ይጨርሳል? የሃርድ ዲስክ ነገር ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት ጎተራ አለ። ስሙ ኤስ ኤስ ዲ ነው። በውስጡ የሚዞር ሳህን የለም፣ የሚመላለስ ክንድ የለም። በስልካችሁ ውስጥ ያለው ሚሞሪ፣ በኪስ የሚያዘው ፍላሽ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። የተቀመጠውን ነገር በኤሌክትሪክ ብቻ ይፈልገዋል። ፍለጋው የአንድ ሴኮንድ አሥር ሺህኛ ገደማ ነው። ከሃርድ ዲስኩ ጋር ስናስተያየው መቶ እጥፍ ያህል ይፈጥናል ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው መነሣት ወደ ግማሽ ደቂቃ አካባቢ ሊወርድ ይችላል።

ሃርድ ዲስክን ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1956 ነበር። ያ ዕቃ 50 ሳህኖች ነበሩት። ቁመቱ የቁም ሣጥን ያህል ሆኖ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። የፍላሽን አሠራር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም ያሳወቁት ፉጂዮ ማሱኦካ የሚባሉ የጃፓን ሰው ናቸው። በአገራችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ለአንዳንድ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ትንንሽ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ተሰጥተው ነበር። እነዚያ ላፕቶፖች ሃርድ ዲስክ አልነበራቸውም። ልጅ ቢጥላቸው እንዳይሰበሩ ተብሎ ገና ከጅምሩ በፍላሽ የተሠሩ ነበሩ።

አሁን ወደ ክንዱ እንመለስ። ክንዱ ይንሳፈፋል ብለናል። በምን ላይ? በአየር ላይ ነው። ሳህኑ ሲሾር ነፋስ ይፈጥራል፤ ነፋሱ የክንዱን ጫፍ ወደ ላይ ደግፎ ይይዘዋል። በጫፉና በሳህኑ መካከል ያለው ክፍተት ከራስ ፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ ጊዜ ያንሳል። አየሩ ከሳሳ ድጋፉም ይሳሳል። አየር የሚሳሳው የት ነው? ከፍ ባለ አገር ነዋ! እናቶቻችን ይህን ያለ ኮምፒዩተር ያውቁታል። በእኛ ደጋ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ባቄላው ግን ቶሎ አይበስልም። ምክንያቱ ያው የአየሩ መሳሳት ነው።

ብዙዎቹ የሃርድ ዲስክ ፋብሪካዎች ዕቃቸው የሚሠራበትን ከፍታ ይወስናሉ። የተለመደው ልክ ከባሕር ወለል በላይ 3,048 ሜትር ነው። የጓሳ ምድር ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። መሐል ሜዳም ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። እንግዲህ በመንዝና በግሼ ደጋ ሃርድ ዲስክ የሚሠራው በልኩ ጫፍ ላይ፣ አንዳንድ ቦታም ከልኩ አልፎ ነው። ይህ ማለት ዛሬውኑ ይሞታል ማለት አይደለም። ዓመታት የሠራ አለ። ነገር ግን ክንዱ ሳህኑን የመንካት ዕድሉ ይጨምራል፤ ከነካ ደግሞ ይፍቃል። የተፋቀ ጽሑፍ አይመለስም። ለመርሐቤቴ ሰው ይህ ሥጋት ያን ያህል አይደለም፤ ዓለም ከተማ በጣም ዝቅ ትላለችና። ኤስ ኤስ ዲ ግን የሚንሳፈፍ ነገር ስለሌለው በአየር መሳሳት ክንዱ ይወድቃል አይባልም።

መንገዱም አለ። በጣርማበር በኩል ወደ መንዝ ሲወጣ ላፕቶፑ በመኪና ይናጣል። ጠፍቶ ከሆነ ክንዱ ከሳህኑ ርቆ ስለሚያርፍ ብዙም አይጎዳ። ሳይጠፋ ክዳኑ ብቻ ተከድኖ ከሆነ ግን አንዳንዴ ሳህኑ እየዞረ ይጓዛል። ይህን ልማድ ተዉት፤ አጥፍታችሁ ተጓዙ።

እንለውጠው ካላችሁ በመጀመሪያ ደረጃ፣ ካቻቢቴ ከመንካታችሁ በፊት፣ በውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ቅዱ። ወደ ፍላሽ ይሁን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር፣ ብቻ ሁለተኛ ቅጂ ይኑራችሁ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደጋግማችሁ አትሞክሩት። አጥፉትና ወደ ባለሙያ ውሰዱት። በድምፁ ላይ ደጋግሞ ማብራት የቀረውን ማስፋቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ልኩን እወቁ። በቆዩት ላፕቶፖች በብዛት የሚገባው ባለ 2.5 ኢንች ኤስ ኤስ ዲ ነው፤ መዳፍ ያህላል። በቀጫጭኖቹ ግን እንደ ማስቲካ ቅጠል ያለ ሌላ ዓይነት ይገባል። በአንዳንዶቹም ጎተራው ከውስጡ ጋር ስለተበየደ ጭራሽ አይለወጥም። ስለዚህ የላፕቶፑን ስምና ቁጥር ጽፋችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ። የተሻለው ግን ላፕቶፑን ራሱን ይዞ መሄድ ነው። ሱቅ ውስጥም ዓይናችሁን ግለጡ። ብዙ ይይዛል ተብሎ በጣም በርካሽ የሚሸጥ ሐሰተኛ ዕቃ አለ። ጽሑፍ የተቀበለ ይመስላል፤ ኋላ ስትከፍቱት ባዶ ነው። እኔ ብሆን ትልቁን ርካሽ ትቼ ትንሹን የታወቀ ዓይነት እገዛለሁ። ለሒሳብና ለጽሑፍ ሥራ 256 ጊጋባይት ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ሲለወጥ ላፕቶፑ ይጠፋል፣ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ይወጣል። ሌሊት ባና ስትገልጡ ጠስ ጠስ የሚል ብልጭታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ኤሌክትሪክ ነው። ለሰው ምንም አያደርግም፤ የላፕቶፕን የውስጥ ዕቃ ግን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ የሱፍ ልብስ አውልቁ፣ ከመንካታችሁም በፊት መሬት የነካ ብረት ንኩ። ከዚያ የታችኛው ክዳን ብሎኖች ይፈታሉ። ሃርድ ዲስኩ ከነብረት መያዣው ይወጣል። መያዣው ለአዲሱ ይታሰራል፤ አዲሱም በአሮጌው ቦታ ገፋ ተደርጎ ይሰካል። ገብቶ እምቢ ካለ አታስገድዱት፤ አገልብጣችሁት ይሆናል።

አዲሱ ጎተራ ባዶ ነው። ወይ አሮጌው እንዳለ ይገለበጥበታል፣ ወይ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫንበታል። ይህን ሥራ ላልለመደ ሰው ባለሙያ ቢሠራው ይሻላል። አንድ ነገር ግን ጠይቁ፦ ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ብዙ አሮጌ ላፕቶፖችም ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበሉም። እንዲህ ያለ ሲያጋጥም ሊነክስ የሚባል በነፃ የሚገኝ ሥርዓት አለ፤ ባለሙያው እሱን ሊጭንላችሁ ይችላል።

ኤስ ኤስ ዲ ሁሉን አያድንም። ባትሪው ከሞተ የሞተ ነው። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ከሆነም ላፕቶፑ ምን ያድርግ! ራም የሚባለው ክፍል 2 ወይም 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ፣ ቦታ ካለው እሱንም መጨመር ያስፈልጋል። ኤስ ኤስ ዲውም ቢሆን አንድ ቀን ይሞታል፣ አንዳንዴም ድምፅ ሳያሰማ። ሁለተኛ ቅጂው ዘወትር ይኑር።

የወጣውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ ለሱቁ ትታችሁ አትሂዱ። የልጆች ስም፣ የአባላት ሒሳብ በውስጡ አለ። አዲሱ ውስጥ ሁሉም መኖሩን አንድ በአንድ ከፍታችሁ እስክታረጋግጡም አትሰርዙት። በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ከጭስና ከእርጥበት አርቃችሁ በሣጥን አስቀምጡት። በላዩም ላይ ምን እንደያዘና መቼ እንደወጣ በእጃችሁ ጽፋችሁ ለጥፉበት። ለዛሬ እዚህ ላይ እናቆማለን።