ቡናን ሰማይ ላይ መፈለግ

ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የሰማይ ዜና ደረሰን። አንዱን ያልሰማ የለም፤ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ታኅሣሥ 10 ቀን ከቻይና መጠቀች። ሌላኛው ብዙም ሳይወራለት አለፈ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ነበር፤ ከኢትዮጵያ የቀረበው ስም ጸድቆ ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ተባሉ።

ቡናን ለማየት ሮኬት አያሻም። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ምሽቶች ወደ ሰሜን ዞሮ አልማክና አልጎል የተባሉትን ደማቅ ኮከቦች ማግኘት፣ ከዚያ ባይኖኩላሩን መሃል ለመሃል መደገን ነው። ባዶ ዐይን አይደርስበትም፤ ተራ ባይኖኩላር ይበቃዋል። አቦልን ግን በዚህ አናየውም። ኮከቡ ያለው አንድሮሜዳ በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው፤ አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ነችና እንግዳ ቤት አላረፈም።

ታዲያ ስንቶቻችን አይተነዋል? የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ ድሃ አገር ከኮከብ ምን አላት ተብሎ ተሹፎበታል። ግንቦት 2007 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተመረቁ። ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ ለተመራማሪ የተሠራ ነው፤ ብርሃኑን የሚቀበለው ካሜራ እንጂ የጎብኚ ዐይን አይደለም። ሕዝብን ከሰማይ ጋር የሚያስተዋውቀው ሌላ ዕቃ ነው፤ ርካሹ።

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የገዳም መነኩሴ የነበረው ጆን ዶብሰን ከተጣለ የመርከብ መስኮት መስታወት እየሞረደ፣ በካርቶን ቱቦና በጣውላ ቴሌስኮፕ ይሠራ ነበር። ከገዳሙ ከወጣ በኋላ፣ በ1968 እ.ኤ.አ.፣ ከጓደኞቹ ጋር የእግረኛ መንገድ ላይ ቴሌስኮፕ እየተከለ አላፊ አግዳሚውን የሚጋብዝ ክበብ አቋቋመ። ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አልጠየቀም። በእንዲህ ዓይነቱ ቴሌስኮፕ ሳተርንን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ቀና ብሎ የቱቦውን አፍ ይፈትሻል፤ ሥዕል የተለጠፈበት ይመስለዋል። በእጅ ካልገፉት ደግሞ ሳተርን በአንድ ደቂቃ ገደማ ሾልኮ ይወጣል። መሬት ስትዞር በዐይን የሚታየው ያኔ ነው።

ሰማይን የሚያነሱ ፎቶግራፍ አንሺዎቻችን ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ማዕከል አመሻሹ ላይ ጎልቶ የሚታየው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ያኔ ሰማያችን በደመና ተከድኗል። ስለዚህ ወይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሌሊት ተነስቶ ከንጋት በፊት ማንሳት፣ ወይ ከመስቀል በኋላ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲያዘቀዝቅ መሻማት ነው። በ20 ሚሊሜትር ሌንስ ከ25 ሰከንድ በላይ ከቆዩ ኮከቦቹ ነጥብነታቸው ቀርቶ ጭረት ይሆናሉ። ካሳው ግን አለ፤ ከላሊበላ ሆኖ የሰሜን ኮከብንም የደቡብ መስቀልንም ማንሳት ይቻላል። አውሮፓ ያለ ፎቶ አንሺ ይህን አልታደለም።

አዲስ አበባ ግን ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ብርሃኗ በዝቷል። መንገድ ይብራ፤ ማን ይጠላል? አምፖሉ ከላይ ተከልሎ ወደ አስፋልቱ ብቻ ቢያበራ ግን እግረኛውም ኮከቡም አይጎዱም። ላሊበላና ባሌ ገና ጨለማ ሳሉ ይህን መደንገግ በኋላ ከመንቀል ይቀላል።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀለበታማው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ሲያልፍ አገሩ በኮሮና ምክንያት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ ግርዶሽ ከሞሮኮ እስከ ሶማሊያ ይዘልቃል። ጅዳ ያሉ ወገኖቻችን በቀን ስድስት ደቂቃ ያህል ይጨልምባቸዋል፤ እኛ ዘንድ ደመናው ከፈቀደ በከፊል ይታያል። ሐምሌ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ፣ የትምህርት ቤት ክበቦች የግርዶሽ መነጽር ማደል ያለባቸው ከሰኔ ፈተና በፊት ነው።